ኒውትሮፊል የማይደርስበት ድድ፦ አጥንቱን የበላው ማን ነው?

ታካሚው ወጣት ነው። ሐኪሞቹ ፊት የቀረበው ሁለት እምቢ ያሉ ነገሮችን ይዞ ነው። አንዱ ድዱ ነው። ክፉኛ ተቆጥቷል፤ በሽታው ጥርስ ተክሎ የያዘውን አጥንት የሚያሳጣው ዓይነት ነው። ሌላው ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ የአከርካሪው መጨረሻ አካባቢ የተከፈተ ጥልቅ ቁስል ነው። ቁስሉ አልገጥም ብሏል። አንዱ አፍ ውስጥ፣ ሌላው ወገብ ላይ። የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም። ግን አለ።

የዚህ ሰው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ወጥቷል። የያዙት በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚሠሩ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ናቸው። ከመካከላቸው ዶክተር ኒኪ ሙትሶፑሎስ የአፍን የበሽታ መከላከል ሥርዓት ለዓመታት ሲያጠኑ የቆዩ ናቸው።

በሽታው እጅግ ብርቅ ነው። ታዲያ ለምን መረጥከው ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። በብዙ ሰው ድድ ላይ ቀስ ብሎና ተሸፋፍኖ የሚሄደው ነገር እዚህ ታካሚ ላይ በግልጽ ይታያል። የድድ በሽታ ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ጥርሱን ከበበ፣ ድዱን ወረረ፣ አጥንቱን በላ። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው ችግሩ። አጥንቱን የሚበላው ባክቴሪያው አይደለም።

ከደም ሥር መውጣት ያልቻለ ሴል

ወጣቱ ያለበት በሽታ ላድ-1 ይባላል። ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር ግድግዳ ጋር በደንብ መያያዝ የማይችሉበት የውርስ በሽታ ነው። የሚመጣው ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን ሲወረስ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ሕፃናት አንዱ ገደማ ላይ እንደሚከሰት ይገመታል።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ኒውትሮፊል ጠጋ ብለን እንይ። ኒውትሮፊል በደማችን ውስጥ በብዛት ያለው ነጭ የደም ሴል ነው። ባክቴሪያ ያለበት ቦታ ቀድሞ የሚደርሰውም እሱ ነው። ድድ ውስጥ የአደጋ ምልክት ሲሰማ በትንሿ የደም ሥር ግድግዳ ላይ መንከባለል ይጀምራል። ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚያ በላዩ ላይ ያሉ ኢንቴግሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች ይነቃሉ። ግድግዳውን ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ። ሴሉ ይቆማል። ቀጥሎ ሰውነቱን ያሳሳና በግድግዳው ሴሎች መሃል ሾልኮ ይወጣል። ከደም ወጥቶ ሥጋው ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ላድ-1 ያለበት ሰው ላይ ሲዲ18 የሚባለው የኢንቴግሪኑ ክፍል ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ኒውትሮፊሉ ይንከባለላል፣ ግን አይቆምም። ደሙ ይዞት ይሄዳል።

ውጤቱ ግራ ያጋባል። ደም ሲመረመር ኒውትሮፊል ሞልቷል፤ ከጤናማ ሰው በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። የቆሰለው ቦታ ላይ ግን ዞር ብሎ ያየ የለም። መግልም የለም፤ መግል በአብዛኛው የሞተ ኒውትሮፊል ነዋ። ገና ሲወለዱ እትብታቸው በጊዜው አይወድቅም፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ይቆያል። ሐኪምን መጀመሪያ የሚያስጠረጥረውም ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ቁስል አይገጥምም። በሽታው የጠናባቸው ሕፃናት የመቅኒ ንቅለ ተከላ ካላገኙ ብዙውን ጊዜ በልጅነታቸው ይሞታሉ። ሲዲ18 ጥቂትም ቢሆን ያላቸው ግን ወደ አዋቂነት ይደርሳሉ። እነሱን በሄዱበት የሚከተላቸው የድድ በሽታ ነው። ከወተት ጥርስ ይጀምራል፣ በቋሚው ጥርስ ይቀጥላል። ብዙዎቹ ገና በወጣትነታቸው ጥርሳቸውን ያጣሉ።

ለዓመታት ያሳመነው ማብራሪያ

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የነበረው ማብራሪያ ቀላል ነበር። ኒውትሮፊል የለም፤ ስለዚህ ባክቴሪያውን የሚያግደው የለም፤ ስለዚህ ባክቴሪያው እንደልቡ ገብቶ አጥንቱን አወደመ። ማን ይከራከራል? አፍ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ኒውትሮፊል ደግሞ ድድ ላይ ቀንም ሌሊትም ሥራ ላይ ነው። ጤናማ ሰው አፍ ውስጥ በየደቂቃው ወደ 30,000 የሚጠጉ ኒውትሮፊሎች በድድ በኩል እንደሚገቡ ይገመታል። ይህ ሁሉ ሠራተኛ ሲቀር ቦታው ቢበላሽ ምን ይገርማል?

ግን ማብራሪያው ሲፈተሽ ቀዳዳው በዛ።

መጀመሪያ፣ አንቲባዮቲክ አልሠራም። ጥርስ ማጽዳቱም፣ ከድድ ሥር ያለውን ቆሻሻ መፋቁም በሽታውን አላቆመውም። ጥፋተኛው እንደልቡ የሚራባ ባክቴሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባክቴሪያው ሲቀንስ ድዱ ፋታ ማግኘት ነበረበት።

ሁለተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ። ሥር የሰደደ ግራኑሎማ በሽታ የሚባል ሌላ የውርስ ችግር አለ። እነዚህ ታካሚዎች ኒውትሮፊላቸው ከደም ሥር ይወጣል፣ ድድ ውስጥም ይደርሳል፤ ግን ባክቴሪያን የሚገድልበት ዋናው ኬሚካል የለውም። ደርሶ ባዶ እጁን ነው የሚቆመው። በሌላው ሰውነታቸው ላይ ከባድ ኢንፌክሽን ይፈራረቅባቸዋል። ድዳቸው ግን እንደ ላድ-1 ታካሚዎች አይወድምም፤ በአብዛኛው ከሌላው ሰው የተለየ የድድ በሽታ የለባቸውም። ታዲያ የአጥንቱ መጥፋት ባክቴሪያን ካለመግደል የመጣ ከሆነ እነዚህኞቹ እንዴት ተረፉ? ልዩነቱ መግደሉ ላይ ሳይሆን መድረሱ ላይ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ከላቦራቶሪ የመጣ ነው። ዶክተር ሙትሶፑሎስና ባልደረቦቻቸው የላድ-1 ታካሚዎችን የድድ ሥጋና የተነቀለ ጥርስ በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ባክቴሪያውን ያገኙት ጥርሱ ላይ ነው። ተለጥፎ፣ ተደራርቦ፣ እዚያው። ወደ ሥጋው ዘልቆ አልገባም። የተባለው ወረራ የለም። በሥጋው ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ በከፍተኛ ደረጃ የተቆጣ የመከላከያ ሥርዓት።

አጥንት የሚያሟሟው ሴል

እዚህ ላይ ወጣቱን ለአፍታ እንተወውና ስለ አጥንቱ እናውራ።

አጥንት ዝም ብሎ የተቀመጠ ድንጋይ አይደለም። ሁልጊዜ እየፈረሰ እየተሠራ ነው። የሚሠራው ኦስቲዮብላስት የሚባለው ሴል ነው። የሚያፈርሰው ኦስቲዮክላስት ነው። ኦስቲዮክላስት የሚገርም ፍጡር ነው። የሚወለደው ማክሮፌጅ ከሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ጋር ከአንድ ዘር ነው፤ ማለትም አጥንት አፍራሹ የመከላከያ ሥርዓቱ የቅርብ ዘመድ ነው። ብዙ ሴሎች ተዋህደው አንድ ትልቅ ሴል ይሆናሉ። አጥንቱ ላይ ይለጠፍና ዙሪያውን ያሽገዋል። በታሸገችው ቦታ ውስጥ አሲድ ይለቃል፤ ማዕድኑ ይሟሟል። ቀጥሎ ካቴፕሲን ኬ የሚባል ኢንዛይም ይለቅና የቀረውን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ይቆራርጣል። ሲጨርስ ጎድጓዳ ትቶ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል።

ይህ ሴል ያለ ትእዛዝ አይፈጠርም። ትእዛዙ ራንክ-ኤል የሚባል ፕሮቲን ነው። ራንክ-ኤል ሲበዛ አፍራሹ ይበዛል። በተቃራኒው ኦስቲዮፕሮቴጄሪን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ራንክ-ኤልን ቀድሞ ይይዝና ትእዛዙን ያከሽፋል። ሁለቱም የታወቁት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ድድ በሽታ የሚነሳው ጥያቄ ተቀይሯል። የትኛው ባክቴሪያ ነው ከማለት ይልቅ፣ ራንክ-ኤልን ማን አበዛው ማለት ተጀመረ።

መልሱ ድድ ውስጥ የተሰበሰቡት ቲ ሴሎችና ቢ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ እነሱ ራሳቸው ራንክ-ኤል ያወጣሉ። በተጨማሪም በሚለቋቸው መልእክቶች በአካባቢው ያሉ ሌሎች ሴሎችም እንዲያወጡ ይገፋፋሉ። ከእነዚህ መልእክቶች አንዱ ኢንተርሉኪን 17 ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወጣቱ ጋ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ባክቴሪያው በበኩሉ ጥርሱ ላይ ሆኖ ስብርባሪውንና መርዙን ያፈሳል። ሥጋው ያንን ይሰማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የኛው ነው። ጤናማ ሰው ላይ አጥንቱ የጥርሱ ነጭ ልባስ ከሚያልቅበት መስመር 2 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ድዱ ሲቆጣና ቁጣው ወደ ታች ሲወርድ አጥንቱም ይሸሻል። ብዙ ጊዜ በአጥንቱና በባክቴሪያው መካከል ቀጭን ርቀት እንደተጠበቀ ነው። እንዲያውም አጥንቱ ከኢንፌክሽን የሚሸሽ ይመስላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እኔም ይህ አስተያየት ይመቸኛል። መንጋጋ በባክቴሪያ ከሚበከል ጥቂት አጥንት ቢቀርበት ይሻለዋል። ችግሩ ሽሽቱ ማቆሚያ ሲያጣ ነው፤ ጥርሱ የሚተከልበት ያጣል። መጀመሪያ ይነቃነቃል። ቀጥሎ ይወድቃል።

ጥሪው ለምን አልቆመም?

አሁን ወደ ላድ-1 እንመለስ። የእነ ዶክተር ሙትሶፑሎስ ቡድን ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ሀጂሸንጋሊስና ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው ጥናት ነበር። የታካሚዎቹ ድድ ውስጥ ኢንተርሉኪን 17 በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። በብዛት የሚያመርቱት ቲ ሴሎች ናቸው። ከጀርባው ደግሞ ኢንተርሉኪን 23 አለ፤ ሴሎቹን ኢንተርሉኪን 17 አምርቱ ብሎ የሚያዛቸው እሱ ነው።

ለምን ከፍ አለ? መልሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ የአይጥ ጥናት ውስጥ ነበር። ኒውትሮፊል ዕድሜው አጭር ነው። ሥጋ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ይሠራል፣ ይሞታል፣ ማክሮፌጅ ይውጠዋል። ማክሮፌጁ የሞተ ኒውትሮፊል ሲውጥ ኢንተርሉኪን 23 ማውጣቱን ይቀንሳል። ኢንተርሉኪን 23 ሲቀንስ ኢንተርሉኪን 17 ይቀንሳል። ኢንተርሉኪን 17 ሲቀንስ መቅኒውን አዲስ ኒውትሮፊል አምርት የሚለው ትእዛዝ ይቀንሳል። ማለትም ኒውትሮፊሉ ሞቶም መልእክት ያደርሳል፤ ደርሰናል፣ በቃ ነው መልእክቱ።

ላድ-1 ላይ ይህ መልእክት የሚያደርሰው የለም። ሌባ ገብቶበት ኡኡ ያለ ሰው ጎረቤት ካልደረሰለት ድምፁን አይቀንስም፤ ይብስበታል። ድዱም እንደዚያው ነው። ኒውትሮፊል ስላልደረሰ ኢንተርሉኪን 23 ይጮኻል። ኢንተርሉኪን 17 ይከተላል። መቅኒው ትእዛዙን ሰምቶ ኒውትሮፊል ያመርታል፣ ያመርታል። ደም ውስጥ ይሞላል፤ መውጫ ግን የለውም። የደም ምርመራው ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ቁጥር ከፊል ምክንያቱ ይህ ነው። በዚህ መሃል ኢንተርሉኪን 17 ራንክ-ኤልን ያበዛል። ራንክ-ኤል ኦስቲዮክላስትን ይጠራል። አጥንቱ ይሄዳል።

ቡድኑ ይህን በአይጥ ፈተነው። ተመሳሳይ ጉድለት ያለባቸው፣ ኒውትሮፊላቸው ወደ ድድ የማይገባ አይጦች ልክ እንደ ሰዎቹ በለጋ ዕድሜያቸው የጥርሳቸውን አጥንት ያጣሉ። ድዳቸው ላይ ኢንተርሉኪን 17ን ወይም ኢንተርሉኪን 23ን የሚያግድ ፀረ-አካል ሲወጉ የአጥንቱ መጥፋት ተገታ። ባክቴሪያን የሚገድል ምንም ነገር አልተሰጣቸውም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ የባክቴሪያውም ብዛት ቀነሰ።

ይህ መጀመሪያ ሲሰማ የተገለበጠ ይመስላል። መከላከያውን ስታዳክም ባክቴሪያ መብዛት አልነበረበትም? ግን የድድ ባክቴሪያ ምን እንደሚበላ አስቡት። ብዙዎቹ የሚወዱት ከተቆጣ ድድ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ፣ የፈረሰውን ሥጋ ፕሮቲንና ከደም የሚገኘውን ብረት ነው። ቁጣው ለእነሱ ድግስ ነው። ቁጣው ሲበርድ ማዕዱ ይነሳል። ባክቴሪያ ቁጣን ያመጣል፣ ቁጣ ባክቴሪያን ይቀልባል። ይህ አዙሪት ያለው ላድ-1 ላይ ብቻ ሳይሆን በተለመደው የድድ በሽታም ላይ ነው።

መድኃኒቱና ስጋቱ

እንግዲህ ሐኪሞቹ ፊት ያለው ወጣት ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ የመጣ ነው። ድዱ እምቢ ብሏል። የወገቡ ቁስል እምቢ ብሏል። ሁለቱም ቦታ ላይ ኒውትሮፊል አይደርስም። የኢንተርሉኪን 23 እና 17 ጩኸት ሁለቱንም ሊያብራራ ይችላል። ድዱንና ወገቡን የሚያገናኘው ይኸው ነው።

የሚያግደው መድኃኒት ደግሞ ገበያ ላይ አለ። ዩስቴኪኑማብ ይባላል። በቆዳ ሥር የሚወጋ ፀረ-አካል ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ሶራያሲስ ለሚባለው የቆዳ በሽታ ተፈቅዷል፤ በኋላም ለክሮንስ የአንጀት በሽታ። የሚይዘው ፒ40 የሚባለውን ክፍል ነው። ይህ ክፍል ኢንተርሉኪን 23 ላይም ኢንተርሉኪን 12 በሚባለው ሌላ መልእክት ላይም ስላለ መድኃኒቱ ሁለቱንም ያግዳል። ለሌላ በሽታ የተሠራ መድኃኒት እዚህ ልክ ቦታውን አገኘ ማለት ነው።

ግን ውሳኔው ቀላል አልነበረም ብንል ማጋነን አይሆንም። ሰውየው የመከላከያ አቅሙ በተፈጥሮው የጎደለ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው የመከላከያ ሥርዓትን የሚያግድ መርፌ መስጠት በተለመደው አስተሳሰብ እብደት ነው። ኢንተርሉኪን 12 ሲታገድ የተወሰኑ ኢንፌክሽኖች ሊያይሉ ይችላሉ። ኢንተርሉኪን 17 ደግሞ አፍንና ቆዳን ከፈንገስ የሚጠብቅ ነው። በአይጥ የሠራ ነገር በሰው ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። በሌላ በኩል የወጣቱ ቁስል ክፍት ነው፣ ያለው አማራጭም አንድ በአንድ አልቋል። እኔ በበኩሌ ያሳመነኝ የሦስቱ መገጣጠም ነው፦ የራሳቸው የታካሚዎቹ ሥጋ የሚያሳየው፣ አይጦቹ የሚያሳዩት፣ መድኃኒቱ የሚያግደው። ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። በጭፍን የተሞከረ አይደለም።

መድኃኒቱ ተጀመረ። ከአንድ ዓመት ሕክምና በኋላ የተመዘገበው ውጤት ይህ ነው፤ የተቆጡት ቦታዎች በረዱ። ድዱም፣ የወገቡም ቁስል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከባድ ኢንፌክሽን አልያዘውም፤ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳትም አልታየበትም።

ልብ በሉ፣ የኒውትሮፊሉ ችግር እንዳለ ነው። ጂኑ አልተስተካከለም። ኒውትሮፊሉ አሁንም ከደም ሥር አይወጣም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጩኸቱ ተቀነሰ። የድሮው ማብራሪያ ትክክል ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ሊብስበት ይገባ ነበር።

የሄደው አጥንት ተመልሶ በቀለ እያልኩ አይደለም። በድድ በሽታ የተበላ አጥንት በራሱ ጊዜ እንደነበረ አይመለስም። ድዱ ሲበርድ የሚተርፈው ገና ያልተበላው ነው።

አንድ ሰው ምን ያህል ያስተምራል?

አንድ ታካሚ አንድ ታካሚ ነው። ማወዳደሪያ ቡድን የለም። ስለዚህ ጉዳዩን ብቻውን አቁሞ ኢንተርሉኪን 17 ጠላት ነው ማለት አይቻልም። እንዲያውም የሚቃረን ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአይጥ ጥናት የኢንተርሉኪን 17 መቀበያ የሌላቸው አይጦች በፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ፣ ማለትም በታወቀው የድድ ባክቴሪያ ሲያዙ የበለጠ አጥንት እንዳጡ አሳይቷል። ይህ መልእክት ኒውትሮፊልን የሚጠራም ነውና ጭራሽ ሲጠፋም ችግር አለ። ሲበዛ አጥንት ያስበላል፤ ሲጠፋ መከላከያ ያሳጣል።

በሰው ላይ ከሌላው አቅጣጫ የመጣ ጠንካራ ማስረጃ ግን አለ። ስታት3 የሚባለው ጂናቸው የተበላሸ ሰዎች አሉ፤ ኢንተርሉኪን 17 የሚያመርቱት ቲ ሴሎች በደንብ አይፈጠሩላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሙትሶፑሎስ ቡድን እነዚህን ሰዎች ሲመረምር የድዳቸው ቁጣና የአጥንታቸው መጥፋት ከሌላው ሰው ያነሰ ሆኖ አገኘው። በአፋቸው ፈንገስ ይሠቃያሉ፤ አጥንታቸው ግን ተርፏል። ይህን ከላድ-1 ጎን ስታስቀምጡት ሥዕሉ ይሞላል። እዚያ ኢንተርሉኪን 17 ሞልቶ ፈሰሰ፣ አጥንት ሄደ። እዚህ ጎደለ፣ አጥንት ቆየ።

ጤነኛ ጂን ያለን ሰዎችስ? እዚህ ላይ የሚጠቀሰው የስሪላንካው ጥናት ነው። ሃራልድ ሎ የተባሉት ኖርዌያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለ15 ዓመት 480 የሻይ እርሻ ሠራተኞችን ተከታተሉ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ጥርሳቸውን አዘውትረው አያጸዱም ነበር፣ የጥርስ ሕክምናም አያገኙም ነበር። ሁሉም አፍ ውስጥ ባክቴሪያው ተከምሯል፤ የሁሉም ድድ ተቆጥቷል። ሆኖም 8 በመቶዎቹ በፍጥነት አጥንት አጡ። 81 በመቶዎቹ በመጠኑ። 11 በመቶዎቹ ላይ ደግሞ ነገሩ ከድድ መቆጣት አላለፈም። ቆሻሻው አንድ ዓይነት ሆኖ ውጤቱ ይህን ያህል ከተለያየ፣ ልዩነቱ ያለው በባለቤቱ ምላሽ ውስጥ ነው ብሎ ማሰብ ግድ ይላል። ይህ ሪፖርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ስለ ራንክ-ኤልም ስለ ኢንተርሉኪን 17ም የሚያውቅ ሰው ባልነበረበት ጊዜ።

ታዲያ ጥርስ መቦረሽ ዋጋ የለውም ማለት ነው? በጭራሽ። እኚሁ ሃራልድ ሎ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሙከራ ድዳቸው ጤናማ የሆነ 12 ሰዎች ጥርስ ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ በረደ። ቀስቃሹ ባክቴሪያ ነው፤ እሱ ላይ ጥርጥር የለም። ላድ-1 ያለበት ሰው ላይ ማጽዳት ብቻውን የማይበቃው ማብረጃው ስለጠፋ ነው። ብዙዎቻችን ጋ ማብረጃው አለ። ቀስቃሹን ስናነሳ ምላሹ ይረግባል። ማጨስና በደንብ ያልተያዘ የስኳር በሽታ ነገሩን የሚያባብሱትም ከፊሉ ይህንኑ ምላሽ ስለሚያዛቡ ነው።

ዩስቴኪኑማብን ለተራ የድድ በሽታ የሚያዝ የለም፤ ሊታዘዝም አይገባም። መላ ሰውነትን የሚነካ መድኃኒት ነው። ድድ ላይ ብቻ የሚሠራ ነገር መፈለጉ ግን ቀጥሏል። ኮምፕሊመንት የሚባለውን ሌላ የመከላከያ ክፍል የሚያግድ ኤኤምዋይ-101 የተሰኘ መድኃኒት በቀጥታ ድድ ውስጥ ተወግቶ በሰዎች ላይ ተሞክሯል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። የድዱ ቁጣ ቀነሰ፤ መርፌው ከቆመ ከሳምንታት በኋላም እንደቀነሰ ቆየ። ሙከራው የለካው የድድን ቁጣ ነው። አጥንትን ለመለካት ደግሞ ከዚያ የረዘመ ክትትልና በየጊዜው የሚነሳ ራጅ ይጠይቃል።